አባቴ የማይጨርሰው የዮሴፍ ታሪክ

ልጅ ሳለሁ መጽሐፍ ቅዱስ የተጻፈው ስለ አጎቴ ስለ ደምሴ ክፋት ይመስለኝ ነበር። እንደዚያ እንዳስብ ያደረገኝ አባቴ ነው። ስለ ቃየን ሲያወራ ድምፁ ይሻክራል፤ ስለ ሳኦል ሲያወራ ጥርሱን ይነክሳል፤ የዮሴፍ ወንድሞች ጋ ሲደርስማ ዓይኑን ከመጽሐፉ አንሥቶ በቆርቆሮው አጥር በላይ ወደ አስፋልቱ ያያል፤ ያን ጊዜ ከባድ መኪና ካለፈ ታሪኩ ይቋረጣል። ስለዚህ በልጅ ሐሳቤ ቃየንም፣ ሳኦልም፣ የዮሴፍ ወንድሞችም ሁሉ ባለተሳቢ መኪና የሚነዱ፣ ጢማቸውን ያልተላጩ፣ አዋሽ የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። አጎቴ ደምሴ እንደዚያ ነበራ። የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ከአዋሽ እየተነሣ በጅቡቲ መስመር ይመላለስ ነበር።

እኛ የምንኖረው ሎጊያ ነበር፤ ከጎሚስታዎቹና ከጋራዦቹ ጀርባ፣ ቀን ቀን የብየዳ ድምፅ፣ ማታ ማታ የመኪና ሞተር በማይጠፋበት ሰፈር። አባቴ ሰመራ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። ጠዋት በሚኒባስ ይሄዳል፣ ማታ ፊቱ በላብና በአቧራ ተለብጦ ይመለሳል። ያኔ በሙቀቱ ወራት ቤት ውስጥ መተኛት የማይታሰብ ስለነበር፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እናቴ አልጋዎቹን ወደ ደጅ ታወጣለች፤ የጋለው መሬት ላይ ውኃ ትረጭና በከሰሉ ፍም ላይ እርጥብ የኒም ቅጠል ትበትናለች። ቢምቢው ከጭሱ ይሸሻል፤ እኛ መሸሻ ስለሌለን እያሳልን እንቀመጣለን። መብራት ያለበት ቀን ከሌለበት ቀን ያንስ ነበር። አባቴ ፋኖሱን በርጩማ ላይ ያደርግና ሽፋኑ የተላላጠውን መጽሐፍ ቅዱስ ጭኑ ላይ ዘርግቶ ማውራት ይጀምራል።

የሰፈሩ ልጆች ማታ ማታ ስለ ጅብና ስለ ቀበሮ ሲሰሙ፣ እኔ የምሰማው ስለ ከሐዲና ስለ ገዳይ ነበር። አባቴ ግን ማውራት ይችልበት ነበር፤ ይህን አልክድም። ፍሙ ሲቀላ የሰዶም እሳት ይመስለኛል፤ ጭሱ ፊቴ ላይ ሲመጣ በእቶኑ ውስጥ ከሠለስቱ ደቂቅ ጋር የቆምኩ ይመስለኛል። ጠዋት ተነሥቶ ዳዊት ሲደግምም ጠላት የሚሉትን መዝሙራት እየመረጠ፣ ጠላት የምትለዋ ቃል ላይ ድምፁን ከፍ እያደረገ ነው። እናቴ ፊቷን ስትታጠብ ትሰማዋለች፤ ምንም አትልም።

የጠቡ ምክንያት የአያቴ ቀብር ነው። አያቴ አዋሽ፣ ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ ባለች ቤት ከአጎቴ ጋር ትኖር ነበር። በመጨረሻው ዘመኗ ታማ ረጅም ጊዜ ተኛች። አጎቴ ለአባቴ እየደወለ «ና፣ ስምህን እየጠራች ነው» ይለው ነበር፤ አባቴ ሥራ በዛብኝ፣ አለቃዬ ፈቃድ ከለከለኝ ይላል። አንድ ጠዋት ሞተች። አባቴ እንደ ሰማ ተነሣ፤ ነገር ግን ገዋኔ ሳይደርስ መኪና ተገልብጦ መንገዱ ተዘግቶ ነበርና አዋሽ የገባው ጀንበር ስትጠልቅ ነው። የአዋሽ ሙቀት ደግሞ ለሬሳ ጊዜ አይሰጥም። አያቴ ተቀብራ፣ ለቀስተኛው ድንኳን ገብቶ፣ የመቃብሯ አፈር ከላይ ደርቆ አባቴ ደረሰ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አባቴ አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረችው፤ «እናቴን ሳላያት አፈር አለበሳት» የምትል። አጎቴም የራሱ ነበረችው፤ «በሕይወቷ ያልመጣውን ለሬሳዋ ማን ይጠብቀዋል» የምትል። ሁለቱ ንግግሮች በሾፌሮች አፍ ከአዋሽ ሎጊያ፣ ከሎጊያ አዋሽ ሲመላለሱ ኖሩ። እንደ አገሩ ወግ ታላቅ ወንድሙን ጋሼ ማለት የሚገባው አባቴ፣ ከቀብሩ ወዲህ «ያ ሰውዬ» ከማለት በቀር ስሙን እንኳ አልጠራውም።

ለሙት ዓመቷ አዋሽ ወስደውኝ ነበር። የማስታውሰው ፀሐዩን፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ያለውን ነጭ ድንጋይና ሁለቱ ወንድማማቾች ከመቃብሩ ግራና ቀኝ መቆማቸውን ነው። ቄሱ ፍትሐት አድርሰው እንደ ጨረሱ አጎቴ ሰዎቹን ወደ ቤት ግቡ፣ እህል ቅመሱ እያለ ለመነ። አባቴ ጋ ሲደርስ ዝም ብሎ ቆመ። አባቴም ቀድሞት፣

«እኔ የመጣሁት ከአፈሩ በታች ያለችውን ልጠይቅ ነው» አለው።

«ከአፈሩ በላይ ሳለች መንገዱ ዝግ ነበር?» አለ አጎቴ።

ሽማግሌዎች መሐል ገቡ። አባቴ እጄን ይዞ መናኸሪያ ወሰደኝ፤ እናቴ ነጠላዋን እያስተካከለች ከኋላችን ተከተለችን። እስከ ሚሌ ድረስ አልተናገረም። ሚሌ ላይ መኪናው ሲቆም ለስላሳ ገዛልኝና «አየሽው አይደል?» አለኝ። ምን እንዳየሁ አልገባኝም፤ አዎ አልኩት።

አጎቴ በየጊዜው በደጃችን ያልፍ ነበር። ሎጊያ መንገዷ አንድ ነው፤ ወደ ጅቡቲ ድንበር፣ ወደ ገላፊ የሚሄድ ሁሉ በእሷ ያልፋል። መኪናውን እናውቀዋለን፤ ፊቱ ላይ አረንጓዴ ሸራ የታሰረበት ነው። ሲያልፍ አይቆምም። አባቴ ቤት ከሆነ ወንበሩን አዙሮ ጀርባውን ለመንገዱ ይሰጣል። አንድ ጊዜ እኔና እናቴ ውኃ ከሚያመጣው የአህያ ጋሪ ጋር ቆመን ሳለን መኪናው ቀስ አለ፤ አጎቴ በመስኮቱ አየን፤ እናቴ ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጠችው። እሱም ራሱን ነቀነቀና ነዳው። እናቴ ወደ እኔ ዞር ብላ ለአባትሽ እንዳትነግሪ አላለችኝም። እኔ ግን አልነገርኩም።

ከታሪኮቹ ሁሉ የምወደው የዮሴፍን ነበር፤ ስለዚህ ደጋግሜ አስነግረው ነበር። አባቴ ዮሴፍን ሲጀምር ሰውነቱ ሁሉ ይለወጣል። ኅብረ ቀለሙን ቀሚስ ሲገፍፉት፣ ጉድጓዱ ውኃ የሌለበት ደረቅ ሲሆን፣ ወንድሞቹ ከጉድጓዱ አፍ ተቀምጠው እንጀራ ሲበሉ። እዚህ ጋ ሁልጊዜ ዝም ይላል። «እሱ ከታች እየጮኸ፣ እነሱ ይበላሉ» ይላል ደግሞ። ከዚያ ወደ ግብፅ የሚወስዱት ነጋዴዎች ይመጣሉ፤ ግመሎቻቸው የአፋር ግመሎች ናቸው፤ በረሃው የእኛ በረሃ ነው። የሐሰት ክስ ይመጣል፣ እስር ቤት ይመጣል። እስር ቤቱ ላይ መጽሐፉን ያጥፋል።

«ከዚያስ?» እለዋለሁ።

«ከዚያማ ይኸው ነው፤ ወንድም እንዲህ ነው» ይልና ፋኖሱን ይቀንሳል።

ለረጅም ጊዜ ዮሴፍ እስር ቤት ውስጥ የቀረ መስሎኝ ነበር። ማታ ተኝቼ ሰማዩን እያየሁ አዝንለታለሁ። እናቱ ሞታ እንደሆነ፣ ውኃ የሚያቀብለው ሰው ይኖር እንደሆነ አስባለሁ። እንደ እውነቱ ከሆነ አጎቴን ደምሴንም እጠላው ነበር፤ ዮሴፍን እስር ቤት የጣለው እሱ ነዋ።

በዚያ ዓመት ሙቀቱ የከፋ ነበር። ነፋሱ ከምድጃ አፍ እንደሚወጣ ያለ ነው፤ የበሩን እጀታ በጨርቅ ካልሆነ አንይዘውም ነበር። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ አባቴ በጥላው ሥር ተጋድሞ ሳለ፣ እማማ ዘይነባ ገቡ። እማማ ዘይነባ የወሎ ሰው ናቸው፤ ከእኛ ሁለት ቤት ዘልሎ ሾፌሮች የሚያርፉበት አልቤርጎና ምግብ ቤት ነበራቸው። ለዒድ ሆነ ለፋሲካ ከእናቴ ጋር ይጠያየቃሉ፤ ከአባቴ ጋር ግን ከሰላምታ አያልፉም። ያን ቀን አረፍ ይበሉ ሲባሉ አልተቀመጡም።

«ግርማ፣ ወንድምህ እኔ ቤት ተኝቷል» አሉት። «ወባ ነው አሉ ክሊኒኩ። መድኃኒቱን ሰጥተውታል፤ እህል ግን አልቀምስ ብሏል። ረዳቱ መኪናውን ትቶ መሄድ አይችል፣ እሱን ማስታመም አይችል። አትንገሪው ብሎኛል፤ እኔ ግን ሙስሊም ነኝ፣ የጎረቤት ሐቅ አለብኝ፤ ዝም ብዬ ብቀመጥ አላህ ይጠይቀኛል።»

አባቴ ቀና አለ። ፊቱ ምንም አልተለወጠም።

«ክሊኒክ ካየው ምን ጎደለው? እኔ ሐኪም አይደለሁም» አላቸው።

እማማ ዘይነባ ወደ እናቴ ዞሩ። ምስር ሾርባ ሠርተው ለአጎቴ እንደሰጡት፣ ሥጋ እንዳልነካው፣ እሱ ግን ሁለት ጊዜ ተጎንጭቶ እንደተወው ነገሯት። የሙስሊም ሥጋ ነክቶታል ብሎ ሰግቶ እንደሆነ ብለው ነው የነገሯት። እናቴ እጃቸውን ይዛ እስከ በር ሸኘቻቸው። አባቴ ተመልሶ ተጋደመ። እንቅልፍ ግን አልወሰደውም፤ የእግሩ ጣቶች ይንቀሳቀሱ ነበር።

ማታ እንደወትሮው አልጋ ወጣ፣ ፍም ተያያዘ፣ ቅጠሉ ጨሰ። አባቴ ገና ሳልጠይቀው መጽሐፉን ገለጠና ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብ ጀመረ። ስለ ጠላት የሚጮኸውን መዝሙር ነበር የመረጠው፤ ያውም ከእንጀራዬ የበላ ተረከዙን አነሣብኝ የሚል ዓይነት። ሲያነብ እኛን አያይም። ከአጥሩ ማዶ ላለ ሰው የሚያነብ ነበር የሚመስለው። ሲጨርስ እናቴ ከምድጃው አጠገብ ሳትነሣ፣

«ዛሬ ለልጅቷ የዮሴፍን መጨረሻ ንገራት» አለችው።

እናቴ በታሪክ መሐል ገብታ አታውቅም ነበር። አባቴም ገርሞት ዞር አለ።

«ዮሴፍን ደጋግሜ ነግሬያታለሁ።»

«መጨረሻውን አልነገርካትም።»

«ደክሞኛል።»

እናቴ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ መጣች፤ መጽሐፉን ከጭኑ ላይ አነሣችው። አልነጠቀችውም፤ አባቴ ግን ለመከልከል ጊዜ አላገኘም። ፋኖሱን ወደ ራሷ አስጠግታ፣ ገጹን ፈልጋ፣ ጣቷን ከመስመሩ ሥር እያስኬደች ማንበብ ጀመረች። እንደ አባቴ አትችልበትም፤ ድምፅ አትለዋውጥም። ረሃብ በምድር ላይ መጣ። ያ እስር ቤት የተተወው ልጅ የእህል ጎተራ ሁሉ በእጁ የሆነ ጌታ ሆነ። ወንድሞቹ ርቧቸው እህል ሊገዙ መጥተው በግንባራቸው ተደፉለት። እሱ አወቃቸው፤ እነሱ አላወቁትም።

እኔ ከአልጋዬ ላይ ተነሥቼ ተቀመጥኩ። አሁን ይገድላቸዋል ብዬ ነበር። እሱ ግን ተቆጣቸው፤ ሰላዮች ናችሁ አላቸው፤ አሰራቸው። ከዚያ ዘወር ብሎ አለቀሰ። ተመልሶ እንደገና ተቆጣቸው። እህሉን ግን ሰጣቸው። ሌላ ጊዜ ሲመጡ ወደ ጓዳ ገብቶ አለቀሰ፣ ፊቱን ታጠበ፣ ወጣና ምግብ አቅርቡላቸው አለ። እሱ ለብቻው በላ፣ እነሱ ለብቻቸው በሉ። ይኼ እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም፤ ገበታው የተለያየ ነበር፣ ምግቡ ግን የቀረበው ከእሱ ቤት ነው።

«በቃ» አለ አባቴ።

እናቴ አላቆመችም። ማንነቱን እስከገለጠላቸው ድረስ፣ አንገታቸው ላይ ተጠምጥሞ እስካለቀሰ ድረስ አነበበች። አባቴም ዝም ብሎ መስማት አቃተውና፣

«እሱማ ጌታ ሆኖ፣ ጠግቦ ነው» አላት። «ለጠገበ ሰው ይቅርታ ምን ይከብደዋል?»

«አንተ ዛሬ በእግርህ ቆመሃል፤ እሱ ከአልጋ መነሣት አቅቶታል» አለችው። ድምፅዋ አልጠነከረም። «ግርማ፣ አንተ ይህን መጽሐፍ ስትገልጥ ሁልጊዜ የተበደለውን ሰው ትፈልግና እኔ ነኝ ትላለህ። አንድ ቀን እንኳ አንተን የሚያዝዝህን ቦታ ፈልግ። ጠላትህ ቢራብ አብላው፣ ቢጠማ አጠጣው የሚለው የማን መጽሐፍ ላይ ነው የተጻፈው? የእማማ ዘይነባ ነው?»

አባቴ ተነሣ። ሊመታት ነው ብዬ ፈራሁ፤ መትቷት ባያውቅም ፊቱ እንደዚያ ነበር። ግቢውን ተሻገረ፤ ከውኃው በርሜል አጠገብ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። ጭሱ መሐላችን ተንጠልጥሎ ነበር። ከዚያ እንደቆመ፣ ሳይዞር፣

«አጥሚት አለ?» አለ።

እናቴ ሠርታው ኖሯል። መቼ እንደሠራችው አላውቅም።

ፔርሙሱን ያዢ ብሎ እኔን አስከተለኝ። ለምን እኔን እንደወሰደኝ ኋላ ሳስበው፣ ብቻውን መግባት ፈርቶ ይመስለኛል። የእማማ ዘይነባ ግቢ በአልጋ ተሞልቶ ነበር፤ ሾፌሮቹ ሽርጥ አገልድመው በየአልጋው ላይ ተጋድመዋል፤ አንዳንዱ ሻይ ይጠጣል፣ አንዳንዱ በስልክ ያወራል። አጎቴ ከዳር ነበር። በዚያ ሙቀት ብርድ ልብስ ተከናንቦ ይንቀጠቀጣል። ያ የምፈራው ሰውዬ ትንሽ ሆኖ ታየኝ፤ ጉንጩ ገብቷል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል።

አባቴን ሲያይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ማን ጠራህ?»

«ማንም አልጠራኝም።»

«ልትስቅብኝ ነው?»

«አጥሚት ነው፤ ጠጣ።»

«አልጠጣም። ውሰድልኝ።»

አባቴ ከአልጋው ጠርዝ ተቀመጠ። ፔርሙሱን ከእጄ ወስዶ በክዳኑ ቀዳ። እጁን ከአጎቴ አንገት ሥር አስገብቶ ቀና አደረገው፤ ገራገር አልነበረም፤ እንደ ጆንያ ነው ያነሣው። አጎቴ ለመግፋት ሞከረ፤ ጉልበት አልነበረውም። በአፉና በጢሙ ላይ እየፈሰሰ ጠጣ። የሾፌሮቹ ወሬ ሁሉ ቆሞ ነበር። አባቴ ፊቱ እንደተቋጠረ፣

«ይቅር አላልኩህም» አለው። «የታዘዝኩትን ነው የማደርገው።»

«እኔም ይቅር አላልኩህም» አለ አጎቴ ሲተነፍስ።

«እሺ። ቀና በል፣ እየፈሰሰ ነው።»

ሁለተኛ ክዳን ጠጣለት። እማማ ዘይነባ ከኩሽናቸው በር ላይ ቆመው ያዩ ነበር፤ ለእኔ ብስኩት ሰጡኝ።

በማግሥቱ አባቴ ከሥራ ቀርቶ በባጃጅ ወደ ቤታችን አመጣው። ግቢያችን ውስጥ አንድ አልጋ ተጨመረ። እርቅ ወረደ ብላችሁ እንዳታስቡ። አጎቴ መብላት ሲችል የእናቴን ምግብ ያመሰግናል፣ ከአባቴ ጋር ግን ሰበብ ፈልጎ ይጣላል። መንገዱ እንዲህ ነው ሲለው እንዲያ አይደለም ይለዋል፤ መስኮቱ ይከፈት ሲል አባቴ ይዘጋዋል። ሁለቱ ካልተጣሉ በቀር በእኔ በኩል ነበር የሚነጋገሩት። ንገሪው፣ በይው፣ ጠይቂው። አባቴ መድኃኒቱን በሰዓቱ ይሰጠዋል፣ ላቡን ይጠርግለታል፣ ሲያስመልሰው ሳህን ይይዝለታል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ አንድ ቀን ፈገግ ብሎ አላየሁትም። ጠዋት ዳዊቱን ይደግማል፤ ድምፁ ግን ዝቅ ብሎ ነበር፤ ጠላት የምትለዋ ቃል ላይ ሲደርስ ይደናቀፋል፤ ጠላቱ አጠገቡ ተኝቶ ያንኮራፋ ነበርና።

አንድ ማታ፣ አጎቴ ትኩሳቱ ለቆት ተደግፎ መቀመጥ ሲችል፣ እናቴ ታሪክ ንገሩን አለች። ለሁለቱም ነው ያለችው። አባቴ መጽሐፉን አላነሣም። አጎቴ ግን ተናገረ።

«በረዶ ፈልጌ ነበር» አለ።

ምን እንደሚል አልገባንም።

«የሞተች ዕለት። ግርማ ይደርሳል ብዬ። ሆቴል ለሆቴል እየዞርኩ በረዶ ለመንኩ። ያለው ሰጠኝ፤ የሌለው የቀዘቀዘ ውኃ በላስቲክ ሰጠኝ። በማዳበሪያ ተሸክሜ አመጣሁና በግራና በቀኟ ደረደርኩላት። ደጋግሜ ሄድኩ። ሲቀልጥ ከአልጋው ሥር ይፈሳል፣ ሴቶቹ በመወልወያ ይጠርጉታል። ኋላ ቄሱ ክንዴን ይዘው፣ ደምሴ፣ በቃ፣ እናትህን አታዋርዳት አሉኝ። ያን ጊዜ ነው የቀበርኳት።»

ፍሙ ተንጣጣ። አባቴ አንገቱን ደፍቶ ነበር።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ጠየቅኸኝ?»

አባቴ፣ ድምፁ ከወትሮው ሌላ ሆኖ፣ አለቃው ፈቃድ ከልክሎት እንደማያውቅ ተናገረ። ሁለት ጊዜ ሻንጣ ይዞ መናኸሪያ ድረስ ሄዶ ተመልሷል። እናቱን እንደዚያ ሆና ማየት ፈርቶ ነው። እሱ ካልሄደ የማትሞት ይመስለው ነበር።

«ፈሪ» አለ አጎቴ።

«አዎ» አለ አባቴ።

እናቴ ፍሙን ትቆሰቁስ ነበር። እኔ አንድ ነገር ይሆናል፣ ይተቃቀፋሉ፣ እንደ ዮሴፍና እንደ ወንድሞቹ ይላቀሳሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልሆነም። አባቴ ተነሥቶ ከቤት ክኒኑንና ውኃውን ይዞ መጣ፤ አጎቴ ፊት ቆመ።

«ጋሼ፣ መድኃኒትህን ዋጥ» አለው።

አጎቴ ቀና ብሎ አየው። ተቀበለውና ዋጠ።

ድኖ ሲሄድ መኪናውን እኛ ደጅ አስነሣ። ከዚያ ወዲህ ሲያልፍ ይቆማል፤ ከገላፊ ሲመለስ ቴምር ያመጣልኛል፤ ከአባቴ ጋር ገበታ ቀርበው ሲበሉ ይከራከራሉ። የሚያስማማቸው ነገር እስከ ዛሬ ጥቂት ነው። አባቴ ጡረታ ወጥቶ አዋሽ ገብቷል፤ ሁለቱ ግድግዳ ተጋርተው ይኖራሉ፤ ስሄድ አንዱ ሌላውን ይከስልኛል። ታሪክ ሲነግረኝ ግን ከዚያ ሕመም ወዲህ መሐል ላይ መጽሐፍ አጥፎ አያውቅም። ዔሳው አራት መቶ ሰው አስከትሎ ወደ ወንድሙ ሲመጣ ትቶኝ አይተኛም፤ እስኪገናኙ ድረስ ይነግረኛል። ዳዊት ሳኦልን በዋሻው ውስጥ አግኝቶ እንዴት እንደተወው ያኔ ነው የሰማሁት።

ሰዎች በመጽሐፍ ቅዱስ ተጽናናሁ፣ ተስፋ አገኘሁ ሲሉ ስሰማ፣ ደስ ይለኛል፤ እኔ ግን በቅድሚያ ትዝ የሚለኝ የአባቴ የተቋጠረ ፊትና በአጎቴ ጢም ላይ የሚፈሰው አጥሚት ነው። ልብ እስኪጠራ ቢጠበቅ ኖሮ አጎቴ ያን ሳምንት ላይተርፍ ይችል ነበር። አባቴ በልቡ አልታዘዘም፤ በእግሩና በእጁ ታዘዘ፤ ልቡ ኋላ፣ በራሱ ጊዜ፣ እያጉረመረመ መጣ። ስለዚህ ጠዋት መጽሐፉን ስገልጥ የሚያባብለኝን ብቻ ሳይሆን የሚያዝዘኝንም ለማንበብ እሞክራለሁ። ሁልጊዜ አይሆንልኝም። ብዙ ጊዜ እኔም የተበደለውን ሰው ፈልጌ አገኛለሁ፤ እሱን ማግኘት ቀላል ነው።

አሁን ሰመራ እሠራለሁ። በመሥሪያ ቤታችን ሰናይት የምትባል አንዲት ሴት አለች፤ ያላደረግሁትን አደረገች ብላ ለአለቆች ተናግራብኝ ስሜ በየቢሮው ሲዞር ከርሟል። አምና እናቷ ሞተችባት። የሥራ ባልደረቦቼ ለቅሶ ሲሄዱ እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ቀረሁ፤ ከሰዓት በኋላ ግን ከዚያ በላይ መቀመጥ አልቻልኩም። ሄድኩ። አላዘንኩላትም፤ ውሸት አልናገርም። ፊቴ እንደ አባቴ ተቋጥሮ እንደነበር ይታወቀኛል። ድንኳኑ ሞልቶ ስለነበር በር ላይ ቆምኩ። ሰናይት ቀና ብላ አየችኝ፤ ብዙ አየችኝ። ከዚያ በተቀመጠችበት ፍራሽ ላይ ትንሽ ጠጋ አለችልኝ።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። እስኪመሽ ድረስ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ዛሬም ወዳጆች አይደለንም፤ ጠዋት ጠዋት ግን ሰላም እንባባላለን። እኔ የማውቀው ተስፋ እስካሁን ከዚህ ብዙም አልዘለለም፤ ይኼም ቢሆን ከራሴ የመጣ አይደለም።